የክሮለሬ ጎማ ድንጋይ ሆነብኝ፤ ምን ልቀባው?

የአውሮራው_ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ከረማችሁ። ያለሁት ኮሎራዶ ነው። መኪናዬ ትራክሳስ ቲአርኤክስ-4 ናት፣ ዲፌንደሯ፣ ያው ክሮለር፣ በሪሞት እየተነዳች ድንጋይ የምትወጣ ትንሽ መኪና። ጎማዋ ከፋብሪካ አብሯት የመጣው ካንየን ትሬይል 1.9 ነው። ልጅ ከወለድን ወዲህ ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብላ ከርማለች። ሰሞኑን አቧራዋን አራግፌ ጎልደን ወሰድኳት፣ ክሊር ክሪክ ወንዝ ዳር። ወንዙ ያለሰለሳቸውን ትልልቅ ድንጋዮች የምታውቁ ታውቃላችሁ። ድሮ እየቀለደች የምትወጣው ቦታ ላይ አሁን ጎማው ባዶውን ይዞርና ትቀራለች።

ጉልበት አላጣችም። ሞተሩም ማርሹም ደህና ነው። ችግሩ ጎማው ነው። በጥፍሬ ስጫነው አይገባም፣ ላዩ ያብለጨልጫል፣ ቡናማ ነገርም ይዞታል።

ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ያላየሁት ጉድ የለም። አንዱ ዛይሊን (እንደ ቲነር ያለ የቀለም ማቅጠኛ) ውስጥ ዘፍዝፈው ይላል። አንዱ ደብሊው ዲ-40 (ያ የሚነፋው የዝገት ማላቀቂያ ዘይት) ንፋበትና ፌስታል ውስጥ አስረህ አሳድረው ይላል። የፍሬን ዘይት የሚልም አለ፣ የዊንተርግሪን ዘይት የሚልም አለ (ያ ለጡንቻ ሕመም የሚቀባው ቅባት የሚሸተው ሽታ ማለት ነው)። ሌላው ደግሞ ቀቅለው አለ፣ ጎማ እንደ ንፍሮ!

ጥያቄዬ አጭር ነው። ከእነዚህ ውስጥ የምር የሚሠራ አለ? ወይስ አርፌ አዲስ ልግዛ? አዲስ ከገዛሁ ቸርኬውም ሊቀየር ነው፣ ምክንያቱም የእኔ ጎማ ቸርኬው ላይ በሙጫ የተጣበቀ ነው። የገንዘብ ጉዳይ አይደለም። እሺ፣ የገንዘብም ጉዳይ ነው።


ቸርኬና_ብሎን (ቨርጂኒያ)፦

እንኳን ተመለስክ ወንድሜ። ምንም ከመቀባትህ በፊት ጎማውን እጠበው። ቀልዴን አይደለም።

ያ ቡናማ ነገር ጭቃ እንዳይመስልህ። ፋብሪካዎች ላስቲኩ ፀሐይና አየር እንዳይሰነጣጥቀው ሰምና መከላከያ ኬሚካል ይጨምሩበታል። ጎማው ሳይነዳ ሲቀመጥ እሱ ቀስ እያለ ከውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። ለጎማው ዕድሜ ጥሩ ነው፣ ድንጋይ ላይ ግን ያንሸራትታል። በሙቅ ውኃ፣ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በጠንካራ ብሩሽ ፈትገው። ሲደርቅ ሸካራ ብርጭቆ ወረቀት አምጣ፣ 80 ወይም 100 ቁጥር ይበቃል፣ ማብለጭለጩ ጠፍቶ ጥቁር ድብዝዝ እስኪል ላዩን ፋቀው። ላስቲክ በአየርና በብርሃን የሚደርቀው ከላይ ጀምሮ ነው። ደረቁ ቆዳ ሲነሣ ከሥሩ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ካሰብከው በላይ ደህና ሆኖ ታገኘዋለህ። አዲስ ጎማም ቢሆን ከተቀረጸበት ፎርማ የመጣ ቅባት ስላለበት ሳይታጠብ መነዳት የለበትም። መኪና አስጌጦች የሚነፉት ጎማ ማብረቂያ ግን በአጠገቡ እንዳያልፍ። እሱ ሲሊኮን ነው፣ በረዶ ላይ የቆምክ ያህል ያንሸራትትሃል።

ሁለተኛው ነገር ከላስቲኩ ይልቅ ውስጡ ያለው ስፖንጅ ነው። ሰው ሁሉ «ጎማዬ ደረቀ» ይላል፣ ግን ክሮለር ላይ ጎማው ድንጋዩን አቅፎ እንዲይዝ የሚያደርገው የላስቲኩ፣ የስፖንጁና የአየሩ ድምር ነው። መኪናዋን መሬት ላይ አቁማትና ከጎን እያት። ጎማው ከታች ትንሽ ተጨፍልቆ ካልታየህ ስፖንጁ ለክብደቷ ጠንካራ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛ አየር። ጎማውን ጨብጠህ ጭመቀውና ልቀቀው። አየሩ ቶሎ ወጥቶ ቶሎ ካልገባ ቀዳዳ የለውም ወይም በጭቃ ተደፍኗል። አየር የታፈነበት ጎማ ኳስ ነው፣ ምንም ቢቀባ ድንጋይ አያቅፍም። አንተ ደግሞ ያለኸው 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ዝቅተኛ ቦታ ላይ ታሽጎ የመጣ ጎማ እዚያ ሲደርስ ውስጡ ያለው አየር ተለጥጦ ይወጥረዋል። ቸርኬው ላይ በ3 ሚሊ ሜትር ድሪል ሁለት ቦታ፣ ትይዩ አድርገህ ብሳው። በቃ።

ይህን አድርገህ ተመለስና ስለ ኬሚካል እናወራለን።


ዳላስ_ትራክ፦

ወንድማችን ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ሰውዬው የጠየቀው ሌላ ነው። የጠየቀው መቀባት ይሠራል ወይ ነው። ይሠራል።

እኔ ወደ ክሮለር የመጣሁት ምንጣፍ ላይ ከሚደረግ የሪሞት መኪና እሽቅድምድም ነው። እዚያ ጎማውን ሳይቀባ መነሻው መስመር ላይ የሚቆም ሰው የለም። ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ የጎማ መቀቢያ አለ፣ የብዙዎቹም ሥራ ያው ነው፣ ላስቲኩ ውስጥ ገብቶ ለጊዜው ያለሰልሰዋል። የዊንተርግሪን ዘይትም በተለይ የጎካርት ነጂዎች የጥንት ዘዴ ነው። ሽታው ቤቱን ስለሚያውደው አሁን ብዙ ትራኮች ሽታ ያለው መቀቢያ ከልክለዋል እንጂ።

ግን መዘፍዘፍ የሚባለውን እርሳው። ያንተ ጎማ የተጣበቀ ስለሆነ ፈሳሹ ውስጥ ከገባ ስፖንጁን ያበላሸዋል፣ ሙጫውንም ሊያስለቅቀው ይችላል። ጨርቅ ላይ ትንሽ አድርገህ ድንጋይ የሚነካውን ፊት ብቻ ጥረገው፣ ፌስታል ውስጥ አስገብተህ አሳድረው፣ ጠዋት አድርቀው። ጓንት አድርግ፣ ከቤት ውጭ ሥራው። በጥፍርህ ስትጫነው ልዩነቱን ራስህ ታየዋለህ። ቋሚ አይደለም፣ ቀስ እያለ ይመለሳል፣ ያኔ ደግመህ ትቀባለህ።

ደግሞም ጎማው ለማንኛውም ሊጣል ነው። ምን ታጣለህ?


ኬሚስቷ (ጀርመን)፦

የዳላሱ ወንድሜ፣ «ይሠራል» ባልከው ላይ አልከራከርህም። ምን እየሠራ እንደሆነ ግን እንነጋገር። እኔ ክሮለር የለኝም፣ ባለቤቴ ነው ያለው፣ ላስቲክ ግን እንጀራዬ ነው።

ጎማ ማለት ረጃጅም የሞለኪውል ክሮች በሰልፈር ድልድይ እርስ በርስ ታስረው ነው። ቻርልስ ጉድይር በ1839 ያገኘው ነገር ይኸው ነው፣ ላስቲክና ሰልፈር አብረው ሲሞቁ የሚፈጠረው እስር። በክሮቹ መካከል ደግሞ ፋብሪካው ዘይት ይጨምራል፣ ዘይቱ ክሮቹን እያንሸራተተ ላስቲኩን ለስላሳ ያደርገዋል። ጎማ «ደረቀ» ስንል እንግዲህ የተለያየ ነገር ልንል እንችላለን። ዘይቱ ተኖ ወይም ታጥቦ አልቆ ይሆናል። ወይም ኦክስጅን ተጨማሪ ድልድይ ሠርቶበታል፣ ይህ አይመለስም። ወይም ደግሞ በቀላሉ ቀዝቅዟል። የኮሎራዶ ክረምት ላይ ጋራዥ ውስጥ ያደረ ጎማ ሳሎን ካደረው ጋር አንድ አይደለም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ቤት አስገብተህ አሙቀውና በጥፍርህ እንደገና ሞክረው።

አሁን ዛይሊን። ዛይሊን ድልድዩን አይቆርጥም። በክሮቹ መካከል ገብቶ ላስቲኩን ያሳብጠዋል፣ ያበጠ ላስቲክ ደግሞ ለስላሳ ነው። ጉዱ የሚመጣው ሲተን ነው። ወጥቶ ሲሄድ ብቻውን አይሄድም፣ የፋብሪካውን ዘይትም እያጠበ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ዛሬ የለሰለሰው ጎማ ሲደርቅ ከበፊቱ ብሶ ይጠነክራል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። ቤንዚንና ቲነርም ያው ናቸው። የዊንተርግሪን ዘይት የተሻለ የሚቆየው የሚፈላው ከ220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሆነ ነው፣ ቶሎ አይተንም፣ ለጊዜው የጠፋውን ዘይት ቦታ ይይዛል። ደብሊው ዲ-40 ትንሽ ያሳብጠዋል፣ ግን ላዩ ላይ የዘይት ሽፋን ይተዋል፣ እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ የዚያን ተቃራኒ ነው። የፍሬን ዘይት ከሁሉም ይገርመኛል። እሱ የተሠራው የፍሬን ሲስተም ውስጥ ያለውን ላስቲክ እንዳይጎዳ ተደርጎ ነው፣ ጎማህንም ብዙም አይነካውም። የመኪና ቀለም ግን ይልጣል።

የምር የጻፍኩት ግን ለዚህ ነው። ጠያቂው ቤት ውስጥ ሕፃን አለ። አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ የዊንተርግሪን ዘይት ውስጥ ያለው ሳሊሲሌት 7 ግራም ገደማ ነው፣ ከ20 በላይ የአዋቂ አስፕሪን ኪኒን ማለት ነው። ሽታው ደግሞ ማስቲካ ማስቲካ ይላል። ሕፃን ቢቀምሰው ለሕይወቱ ያሰጋል። ዛይሊን በበኩሉ ተቀጣጣይ ነው፣ ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል። አሜሪካ ብዙ ቤት ጋራዡ ውስጥ የጋዝ ውኃ ማሞቂያ አለ፣ ከሥሩ እሳት አለ። እባክህ ጋራዥ ውስጥ ዛይሊን የሞላ ባልዲ አስቀምጠህ እንዳትተኛ።


ዳላስ_ትራክ፦

ስለ ልጁ አፌን ዘጋሁ፣ ልክ ነሽ እህቴ። የኔ ሁሉም ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ነው፣ ግን ይህን መጻፍ ነበረበት።

ስለ ሌላው ግን አሁንም ሰዎች ሳይለኩ ነው የሚያወሩት። አንዱ ቀብቶ «በጣም ያዘ» ይላል፣ አንዱ «ምንም» ይላል፣ ሁለቱም ድንጋዩን ቀይረው፣ ቀኑን ቀይረው፣ ባትሪውን ቀይረው ነው።


ኬሚስቷ (ጀርመን)፦

መለካትማ ቀላል ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የሲሚንቶ ንጣፍ አንድ ጫፉን ከፍ ታደርጋለህ፣ መኪናዋን ሽቅብ አቁመህ ባትሪዋን ታበራለህ። ክሮለር ማፍጠኛውን ስትለቀው ሞተሩ ራሱ ጎማውን ቆልፎ ይይዛል አይደል። ከዚያ ቀስ እያልክ ማንሳት ነው፣ መንሸራተት ስትጀምር የስልክህን የዘንበል መለኪያ ታነባለህ። ወደ ኋላ እንዳትገለበጥ እጅህ ቅርብ ይሁን። 45 ዲግሪ ላይ ከተንሸራተተች የሰበቃው መጠን 1 ነው ማለት ነው። ከመታጠቡ በፊት፣ ከታጠበ በኋላ፣ ከተፋቀ በኋላ፣ ድንጋዩን ሳትቀይር።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር፣ ትምህርት ቤት ሰበቃ በስፋት አይለወጥም ይሉን የለ? ላስቲክ ለዚያ ሕግ አይገዛም። ጫናው ሲበዛ የሰበቃ መጠኑ ይቀንሳል። ክብደት ስትጨምሩ የምታገኙት ጥቅም ካሰባችሁት የሚያንሰው፣ ስፖንጁ ለስላሳ ሆኖ ጎማው ሰፋ ብሎ ሲያርፍ ደግሞ የሚሻለው ለዚህ ነው።


እንጦጦ_ክሮለር (አዲስ አበባ)፦

የሀብታሞችን ወሬ እየተመገብኩ ነው 😄 እናንተ ጎማ ምን እንቀባው ትላላችሁ፣ እዚህ ጎማውን ራሱ ማግኘት ነው ፈተናው። የሚመጣ ሰው መለመን አለ፣ ሻንጣው ከሞላ ደግሞ ቀርቶ ያርፋል። እግረ መንገዴን፣ ዛይሊንም ሆነ ተቀጣጣይ የጎማ መቀቢያ በሰው ሻንጣ እንዳትልኩ። አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፣ ሰው ታስይዛላችሁ።

እኔ ላስቲኩን አልነካውም፣ ስፖንጁን ነው የምቀይረው። ከፍራሽ ሱቅ ቁርጥራጭ ስፖንጅ ለምኜ ወሰድኩ። ሻጩ ለምን እንደሆነ ስነግረው ልጄ የት እንዳለ ጠየቀኝ። ልጅ የለኝም። ለማንኛውም የፍራሽ ስፖንጅ ለስላሳና አየር የሚያስተላልፍ ነው፣ ብቻውን ግን ለቲአርኤክስ-4 ዓይነት መኪና ይበዛበታል፣ ጎማው ይተኛና ቸርኬው ድንጋይ ይመታል። ስለዚህ ውስጠኛውን ክብ ከስፖርት ምንጣፍ ቆርጬ አደረግኩት፣ ያ ጠንከር ያለውና ውኃ የማያስገባው ፎም። እሱ ቸርኬውን ያቅፋል፣ ከላዩ የፍራሹ ስፖንጅ ይመጣል። ውጭ አገር እነ ክሮለር ኢኖቬሽንስ ሁለት ደረጃ ፎም ብለው የሚሸጡት ሐሳብ ይኸው ነው። ውጪው ድንጋዩን ያቅፋል፣ ውስጡ መኪናዋን ይሸከማል።

አቆራረጡ ነው አስቸጋሪው። መቀስ ይጨመድደዋል። በሁለት ሳንቃ መሃል አጥብቄ ይዤ በአዲስ ምላጭ ሳብ ሳብ እያደረግኩ ነው የምቆርጠው። የውጪውን ክብ ከጎማው ውስጥ ትንሽ ሰፋ አድርጉት፣ ከጠበበ ጎማው ይሸበሸባል። ክረምት ላይ ደግሞ የፍራሹ ስፖንጅ ውኃ ይጠጣል፣ መኪናዋ ትከብዳለች፣ ካልደረቀም ይሸታል። ቀዳዳው ጎማው ፊት ላይ ቢሆን ውኃው ቶሎ ይወጣል።

ምላጩን ከያዛችሁ አይቀር ጥርሶቹንም ማየት ነው። ጎማው ላይ ያሉት ትልልቅ ጥርሶች መሃል ለመሃል ስስ ስንጥቅ ብታወጡላቸው ጥርሱ ይተጣጠፋል፣ ጠርዝም ይበዛለታል። እንጦጦ ላይ እርጥብ ድንጋይ ላይ ልዩነት አለው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ግን ምንም አይረዳም። የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ምንም ነገር አይይዝም፣ ጫማም አይይዝም።


ሐታ_ወዲያ (ዱባይ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ከሌላ አቅጣጫ ልምጣ። ሁሉም ለስላሳ ለስላሳ ይላል። የሐታ ድንጋይ ላይ ኑና እዩ። ጥቁርና ቡናማ፣ ጠርዙ እንደ ተሰበረ የሆነ ድንጋይ ነው፣ ለስላሳ ጎማ ላይ ምሕረት የለውም። ፕሮላይን የሚባለው ፋብሪካ የሚሠራውን ሃይራክስ ጎማ፣ ፕሬዳተር በሚባለው በጣም ለስላሳ ላስቲክ የተሠራውን ገዝቼ ነበር፣ ይይዛል፣ በጣም ይይዛል፣ ግን ጥርሶቹ ጠርዝ ጠርዛቸው እየተቀነጠሰ ሄደ። እዚህ ሙቀቱ ራሱ ላስቲኩን ስለሚያለሰልሰው ያን ያህል አያስፈልግም። አሁን ያው ሃይራክስ ጎማ ሆኖ ጂ8 በሚባለው ላስቲክ የተሠራው ላይ ነኝ፣ ትንሽ ጠንከር ይላል፣ ዕድሜ አለው።

ኮሎራዶ የወንዝ ድንጋይ ላይ ላለው ሰው ግን ተቃራኒውን እመክራለሁ። ድንጋዩ ለስላሳ ነው፣ አይቆርጥም፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው። የፕሬዳተር ዓይነቱ ቦታው እዚያ ነው። ጎማ ሲገዛ ሰው የጥርሱን ቅርጽ ብቻ ነው የሚያየው፣ ላስቲኩ ከቅርጹ እኩል ነው፣ ያው ቅርጽ በሁለት ዓይነት ላስቲክ ይሸጣል፣ ማሸጊያው ላይ ያለውን አንብቡ። ርካሽ የሆኑት ስም የሌላቸው ጎማዎች ላይ ስለ ላስቲኩ ምንም ካልተጻፈ ጠንካራ ነው ብላችሁ ገምቱ።

ሲቀመጥ ደግሞ የምትነዱት ትልቁ መኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ አትተዉት። እዚህ በጋ ላይ የዕቃ መጫኛው ሙቀት ጎማ ጠብሶ ነው የሚያወጣው። ጨለማ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ መኪናዋ ጎማዋ ላይ ሳትቆም ሆዷ ሥር የሆነ ነገር አድርጎ ማንሳት። የረጅም ጊዜ ቆሞ የቀረ ስፖንጅ አንድ ጎኑ ተጨፍልቆ ይቀራል፣ ከዚያ ስትነዳ ትነጥራለች።


የአውሮራው_ልጅ፦

እናንተ ሰዎች እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ዊንተርግሪኑ ቀርቷል፣ ባለቤቴ የኬሚስቷን ጽሑፍ አንብባ እኔ ሳልወስን ወስናለች።

ጎማውን አጥቤ ፋቅኩት። ከዚያ ጓሮ ባለው የእግረኛ ንጣፍ ድንጋይ ዘንበል መለኪያውን ሠራሁ። መታጠቡ ብቻውን ትንሽ ነው የጨመረው፣ መፋቁ ግን ጨመረበት፣ በአንድ ላይ አምስት ዲግሪ ያህል መጥቷል። በዓይን የሚታይ ልዩነት ነው። ቤት አስገብቼ ሳሞቀውም ጥፍሬ ገባ! አየሩም ተዘግቶ ነበር፣ የቸርኬው ቀዳዳዎች በደረቀ ጭቃ ተደፍነዋል፣ በመርፌ ከፈትኳቸው።

ወንዙ ዳር ስመለስ ግማሹን ወጣች። ግማሹ ቀርቷል። መኪናዋን ከጎን ሳያት ጎማው ምንም አይጨፈለቅም፣ ስለዚህ ስፖንጁን መቀየር ፈልጌያለሁ። ሙጫውን እንዴት ላስለቅቅ? አሴቶን የሚሉ አሉ። ስፖንጁስ ፊትና ኋላ አንድ ይሁን? ክብደትስ ልጨምር?


ቸርኬና_ብሎን (ቨርጂኒያ)፦

አሴቶን ሙጫውን ያሟሟል፣ ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ከጎማውም ዘይት ያጥባል፣ አንዳንድ የፕላስቲክ ቸርኬም ያበላሻል። ለጎማው ስትል ነው የተነሣኸው፣ ስለዚህ ተወው። ያን የሳቅክበትን መቀቀል ተጠቀም። ለማለስለስ አይሆንም፣ ሱፐር ግሉ ለማስለቀቅ ግን ጥሩ ነው፣ ሙቀትና ውኃ አይወድም። የማትፈልገው አሮጌ ድስት ፈልግ፣ ለወጥ የሚመለስ እንዳይሆን። ግማሽ ሰዓት ያህል ይፍላ። በፒንሳ አውጣውና ወፍራም ጓንት አድርገህ ገና ትኩስ እያለ ከጠርዙ ጀምረህ ላጠው፣ ውስጡ የገባው ውኃ ይፈላልና ተጠንቀቅ። እምቢ ያለው ቦታ ካለ መልሰህ ክተተው እንጂ በካቻቢቴ አትጎርጉረው፣ የጎማው ከንፈር ይቀደዳል።

መልሰህ አታጣብቀው። በብሎን የሚታሰር ቸርኬ ግዛ፣ ጎማው በሁለት ቀለበት መሃል ይታሰራል፣ ስፖንጅ መቀየር ካቻቢቴ ብቻ የሚፈልግ ሥራ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጎማ ስትቀይር ቸርኬ አትገዛም።

ፊትና ኋላ ላይ ሰው አይስማማም። እኔ ፊቱን ለስላሳ፣ ኋላውን ጠንከር ያለ አደርጋለሁ። ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የኋላው በጣም ለስላሳ ከሆነ ይተኛና አፍንጫዋ ይነሣል። ጎን ለጎን ተዳፋት ላይም እንደዚያው፣ ከመጠን በላይ የለሰለሰ ጎማ ወደ ጎን ይታጠፋል፣ መኪናዋ ትገለበጣለች።

ክብደት ከላይ እንዳይሆን ብቻ። ጣሪያ ላይ ጀሪካንና መሰላል ሰቅለው ለምን ትገለበጣለች የሚሉ ሰዎች አሉ 🙄። ፊት ለፊት፣ ዝቅ ብሎ፣ ቸርኬ ውስጥ ወይም መሪው ጋ የሚገጠም የነሐስ ክፍል። ጎማውን ከለወጥክ በኋላ ለካ፣ ከዚያ ጨምር። ሁሉንም ባንዴ ካደረግከው የቱ እንደረዳህ አታውቅም፣ መሪውን የሚያዞረው ሰርቮም በክብደቱ ይደክማል።


ዳላስ_ትራክ፦

የነሐሱ ዋጋ ካስደነገጠህ ጎሚስታ ቤት ለባላንስ የሚለጥፉት የክብደት ቁራጭ ይሠራል። ቸርኬው ውስጥ ዙሪያውን እኩል አድርገህ ትለጥፋለህ። እርሳስ ከሆነ እጅህን ታጠብ፣ ልጁ የሚደርስበት ቦታም አታስቀምጥ (ከኬሚስቷ ልቅደም ብዬ ነው)።


ኬሚስቷ (ጀርመን)፦

ቀድመኸኛል 😄


እንጦጦ_ክሮለር (አዲስ አበባ)፦

የአውሮራው ልጅ፣ ከቀቀልካቸው በኋላ የድሮዎቹን ቸርኬዎች እንዳትጥላቸው። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ካለህ ጠቁመኝ፣ ቀላል ናቸው፣ ተቀጣጣይም አይደሉም።


የአውሮራው_ልጅ፦

አማቴ ለገና ይመጣሉ። ሻንጣቸው ውስጥ ቦታ ከተረፈ ብቻ፣ እሱንም ባለቤቴ ናት የምትወስነው። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።